የሳዶቅ ፔጆ ከስር ሲታይ

ሐሙስ ዕለት ብረት ቆራጩ ይመጣል። መብሩካ ይህን ከሰማች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ልጇ ሪዳ ግቢው ውስጥ ለራሱና ለሚስቱ ሁለት ክፍል ሊያስገነባ ነው፤ መሠረቱ የሚቆፈረው ደግሞ የሟች ባሏ የሳዶቅ ፔጆ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው። «እስከ ሐሙስ የሚወስዳት ሰው ከመጣ እሰየው» ብሏት ነበር ሪዳ ከሱሳ ከተማ ደውሎ። «ካልመጣ ቆራጩ እዚያው በጋዝ ቆራርጦ ጭኖ ይሄዳል። እማዬ፣ ለአንድ አሮጌ መኪና ብለሽ ደግሞ እንዳትታመሚ።»

አልታመመችም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ስስ ሆኗል። ስለ ዋጋው አልነበረም፤ ዋጋውን ሪዳ እንደፈለገ ይነጋገር። ሳዶቅ በሕይወቱ ሁሉ «ከላይዋን አትዩ፣ ይቺ መኪና ከስሯ ገና አዲስ ናት» እያለ ሲናገር ኖሯል። የሰፈሩ ሰው ይስቅ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ሳያይለት ሞተ። አሁን ቆራጩ ከወሰዳት ነገሩ ጉራ ሆኖ ይቀራል፤ መብሩካን የሚያንገበግባት ይህ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላስዓድ መኪናዋን ሊያይ መጣ። የሞናስቲር ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በትርፍ ጊዜው እንደ ሳዶቅ መኪና ያሉ አሮጌ የፔጆ 404 ፒክአፖች እየገዛ ያድሳል። ብቻውን አልመጣም። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ከጎኑ ነበር።

«አክስቴ፣ እንዴት አደሩ። እኚህ ሙዓለም ሽቲዊ ናቸው፤ የታወቁ የባትላሜራ ባለሙያ። እሳቸው ሳያዩልኝ መኪና ገዝቼ አላውቅም።»

«ገዝተህ ታውቃለህ» አለ ሽቲዊ። «አንዴ።»

«ከኸርግላ የገዛኋትን ዛሬም ያነሱብኛል?»

«እንዳትረሳት አነሳታለሁ።»

መብሩካ ሻይ ላቅርብ ብትል ሽቲዊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና «መጀመሪያ ልያት፣ እህቴ። ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ሰው ማስቀየም ይከብደኛል» አላት። ሳቀች። ሰውየውን ወደደችው፤ ፈራችውም።

ጎረቤቷ ጅላኒ የመኪና ድምፅ ሰምቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ከሳዶቅ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ ሲያላግጥበትም አርባ ዓመት አብሮት ኖሯል። «ሙዓለም፣ ዝገት ፍለጋ ከሆነ እኔ ልጠቁምዎ» አለ። «ዝገት የሌለበትን ቦታ ፈልግ ካላሉኝ በስተቀር።»

ሽቲዊ ቀና ብሎ አየውና ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መጀመሪያ ምንም አልነካም። ፔጆዋን ሦስት ጊዜ ዞራት። አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ጎንበስ ብሎ፣ በሦስተኛው ደግሞ ጉንጩን ከላሜራው ጋር ሊያገናኘው ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ጸሐይን ከፊቱ አድርጎ በጎኗ ላይ ተመለከተ። ሰማያዊ የነበረው ቀለም ነጥቶ ኖራ መስሏል። ስፖንዳዋ በወይራ ሣጥን ተፋፍቋል። ሽቲዊ ግን ቀለሙን ያየው አይመስልም፤ ያየው መስመሩን ነበር፤ ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ የሚሄደው የላሜራ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ቢታጠፍ ወይም ቢያብጥ ሊይዘው።

ከዚያ በመሃል ጣቱ አንጓ ማንኳኳት ጀመረ። ከላይ ወደ ታች፣ እጅ በእጅ ስፋት። ድምፁ ጥርት ያለ ሲሆን ያልፋል፤ ሲታፈን ይቆማል። በቆመበት ቦታ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ ያስጠጋል። ከቀለም ስር ስቱኮ ተለስኖ ከሆነ ማግኔቷ አትይዝም። ቀስ ብላ ያዘች። ሁሉም ቦታ ላይ ያዘች።

«ስቱኮ የለም» አለ።

«ስቱኮ መግዣ ከየት አምጥቶ» አለ ጅላኒ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ የለህም?» አለችው መብሩካ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሪዳ እናት። ይሄው ነው ሥራዬ።»

ሽቲዊ በሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ በመያዣቸው ወደ ላይ አነሳቸው፤ አልተንገጫገጩም። ዘግቶ በበሩና በካቢናው መካከል ያለውን ክፍተት በጥፍሩ እየለካ ወረደ። ከዚያ ክሪኩን ከበሩ ደፍ ስር፣ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ገጠመ። «አሁን ዝም በሉ» አለ። ላስዓድ ትንፋሹን ያዘ። ሽቲዊ ክሪኩን እየገፋ የሚያየው ጎማውን አልነበረም፤ የክሪኩ ራስ ብረቱን የነካበትን ቦታ ነበር። የበሰበሰ ደፍ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ጎማው ከመነሳቱ በፊት ክሪኩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፔጆዋ ግን ምንም ሳትጮህ ጎማዋን ከመሬት አነሳች። ሽቲዊ በተነሳችበት በሩን እንደገና ከፍቶ ዘጋው። ልክ እንደ ቅድሙ ገጠመ።

«ወገቧ አልታጠፈም» አለ ለላስዓድ። የድምፁ ቃና ግን ተለውጦ ነበር፤ መብሩካ አስተዋለች።

አራቱንም ጎማ አንስተው በወይራ ግንድ ጉማጆች ላይ አስቀመጧት። ሽቲዊ ሰሌን አንጥፎ በጀርባው ተኛ፣ የእጅ መብራትና ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ ይዞ ከመኪናዋ ስር ገባ። እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የካቻቢቴው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱም ቆመ።

«እህቴ መብሩካ» አለ ከስር። «ይሄ ጥቁር ቅርፊት ምንድን ነው?»

መብሩካ አንገቷን ደፋች። ስታፍርበት የኖረችው ነገር ነው። «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው» አለች። «በያመቱ የወይራ ለቀማ ከመድረሱ በፊት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ይቀባት ነበር። እኔ የበግ ፀጉር በፈላ ውሃ ሳጥብ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ጠርጎ ያስቀምጣል፤ እሱን አቅልጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቅለዋል። ገና ትኩሱን ይቀባና ወዲያው አስነስቶ በአቧራው መንገድ እስከ ቁሱር አሳፍ ከተማ ይነዳታል።»

«አቧራው እንዲይዝለት» አለ ሽቲዊ።

«እንደሱ ይል ነበር።»

«እኛ ደግሞ ሳዶቅ መኪናውን እንደ ሰርዲን ዱቄት ላይ ሲያንከባልላት ዋለ፣ ነገ ይጠብሳታል እንል ነበር» አለ ጅላኒ። ራሱ ሳቀ። ከመኪናዋ ስር የሳቀ የለም።

«ላስዓድ፣ ና ግባ» አለ ሽቲዊ።

ዳቦ ጋጋሪው ለሸሚዙ ሳይሳሳ ተጋደመ። ሽቲዊ የሳንቲም ስፋት ያህል ቅርፊት ፍቆ ነበር። ቅርፊቱ በጠርዙ በኩል ሲታይ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ነው፤ ጥቁር መስመር፣ ግራጫ መስመር፣ ዘይትና አቧራ፣ ዓመት በዓመት ላይ። «እስከ ሃያ ምናምን ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ተጣበቁብኝ» አለ። ከሁሉም በታች መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀባችው ቀይ ጸረ ዝገት እርጥብ መስሎ ያበራል። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በየስንዝሩ አንኳኳው። በየብየዳው ጫፍ፣ ውሃ ሊጠራቀምበት በሚችል ጥግ ሁሉ ካቻቢቴውን አስደገፈ። የትም አልገባለትም።

«ሰውየው ባትላሜራ ነበር እንዴ?» አለ ላስዓድ።

«ወይራ ጫኝ ነበር» አለች መብሩካ።

ሽቲዊ ወደ ካቢናው ፊት ሲሳብ ግን ኳኳታው ተለወጠ። አንዴ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ብርቱካናማ ዱቄት ከፊት ጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ መሬት ዘነበ። ካቻቢቴው በሾፌሩ ወለል በኩል እስከ ግማሹ ገብቷል። ሽቲዊ ከስር ወጥቶ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሸው። በበሮቹ ታች፣ በሁለቱም የፊት ፓራፋንጎዎች ላይ ያው ነው። ከዳር ተነስቶ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ቅርፊቱ የለም፤ ቅርፊቱ በሌለበት ሁሉ ዝገት አለ።

«ይሄ ወጣት ዝገት ነው» አለ። «ያረጀ ዝገት ጠቁሮ እንደ ቅጠል ይነባበራል። ይሄ ገና ዱቄት ነው፤ ሁለት ክረምት ቢያየው ነው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየው መጨረሻው ላይ ታክቶታል። ከፊት በኩል መቀባቱን ትቶታል።»

«ይኸውላችሁ» አለ ጅላኒ። «አርባ ዓመት ስንሰማው የኖርነው ጉራ።»

ላስዓድ ግን ፊቱ ፈክቷል። «ይሄማ ምን ችግር አለው? ደረቅ ዝገት ነው። ተፍቆ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ ይቀባል። አክስቴ፣ እወስዳታለሁ። ለሪዳ ዛሬውኑ እደውላለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን የጠበቀችው ቃል ነበር። ታክቶታል የሚለው ቃል ግን በመብሩካ ጆሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሳዶቅ በሞተበት ዓመት እንኳ፣ ሳል ደረቱን እየሰነጠቀው፣ ከዚህች መኪና ስር ገብቶ በየሁለት ደቂቃው እያረፈ ቀብቷት ወጥቷል። ፎጣ ይዛ ስትጠብቀው የነበረችው እሷ ናት።

«አልታከተውም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለሳዶቅ አርባ ግቢው ሰው ሊሞላ ሲል፣ ይሄ ጥቁር እድፍ አሳፈረኝ። ሰው መጥቶ የሳዶቅ ሚስት ግቢዋን አትጠርግም እንዳይል፣ በፈላ ውሃና በሶዳ፣ በሽቦ ፈግፍጌ አነሳሁት። እጄ እስከደረሰ ድረስ።» ክንዷን ዘርግታ አሳየቻቸው። «ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ከመቃብር ስመለስ አጥባታለሁ። ንጹሕ ሆና እንድትቆይ።»

ሽቲዊ በእርጋታ ጠየቃት፦ «በምን ውሃ?»

መብሩካ ወደ ጉድጓዱ አየች። በመንደሯ በሰለቅታ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ግቢዋ ድረስ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ጨዋማ ነው። ሻይ አይፈላበትም፤ ፍየሎቹም ሲጠሙ ብቻ ነው የሚጠጡት። ልብስና ወለል ግን ሰው ሁሉ የሚያጥበው በእሱ ነው። የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ ነዋ።

«በየሳምንቱ?» አለ ሽቲዊ።

«ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ ብቻ ነው የቀረሁት።»

ላስዓድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማድረጉን ራሱም ሳያውቀው አይቀርም። «ጨው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ሙዓለም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኸርግላዋም እንደዚህ ነበረች። ፍቀን ቀባናት፤ በሁለተኛው ዓመት ከውስጥ አብጣ ወጣችብን። ጨው ሁለት ላሜራ በተደረበበት መካከል ከገባ አይወጣም።»

«አይወጣም» አለ ሽቲዊ።

መብሩካ የቆራጩን የጋዝ ጠርሙሶች በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። የተናገረችውን ግን ልትመልሰው አልፈለገችም።

ሽቲዊ አልተበሳጨም፤ ከሳጥኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅና ረጅም ሽቦ አወጣ። «መግባት አለመግባቱን እናያለን፤ መገመት የኔ ሥራ አይደለም» አለ። «አንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ይኖራችኋል?»

ጅላኒ ሳይታዘዝ ሮጦ ከቤቱ አመጣ።

ሽቲዊ ጨርቁን ጨው በሌለበት በታሸገው ውሃ አርሶ በሽቦው ጫፍ አሰረ። በበሩ ደፍ ስር ውሃ ማፍሰሻ ተብሎ የተበሳች ቀዳዳ አለች፤ በእሷ አስገብቶ ውስጡን አሸና መልሶ ሳበው። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ ምላሱ ላይ አደረገ። መብሩካ ፊቷን አኮማተረች። እሱ ግን ወይን እንደሚቀምስ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ተፋው፤ ምልክት ሳያደርግበትም አለፈ። በሾፌሩ ወለል መጋጠሚያ ላይ ደገመው፤ ቀመሰ፣ ወዲያው ተፋና በጠመኔ የመስቀለኛ ምልክት አደረገበት። «ጨው።» በቀኝ በኩል ባለው ፓራፋንጎ፣ መስቀለኛ። በግራው፣ መስቀለኛ። በየበሮቹ ታች፣ መስቀለኛ። ለላስዓድ እያንዳንዱ ምልክት ፊቱ ላይ የተሰመረ ያህል ነበር።

ወደ ደፎቹ ተመለሰ። በአራት ቀዳዳ አስገባ፣ በየጊዜው ንጹሕ ጨርቅ እየቀየረ። አራቱም ጨርቆች ጥቁር፣ የሚያንሸራትት ነገር ተቀብተው ወጡ። ቀመሳቸው፤ ጨው የለባቸውም፤ ክብ ምልክት አደረገ። አንደኛውን ጨርቅ ዘርግቶ ከጠርሙሱ ሦስት ጠብታ ውሃ አፈሰሰበት። ጠብታዎቹ አልሰረጉም፤ ድቡልቡል ብለው ተንከባለሉና ወደቁ።

«ደፎቹን ከውስጥም ቀብቷቸዋል» አለ። «በምን እንዳስገባው ግን አላውቅም። ብሩሽ አይገባም።»

«ለበግ መድኃኒት በሚያጠጡበት መርፌ» አለች መብሩካ። «ትልቁ፣ የነሐሱ።»

ሽቲዊ ቀና ብሎ አያት። ቆይቶ እንደገና ወደ ደፉ ተመለከተ። «ውሃዎ በየዓርቡ እዚህ ድረስ መጥቷል፣ እህቴ። በር ላይ ደርሶ ተመልሷል። ቅባቱ አላስገባውም።» ከተንበረከከበት ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ላስዓድ፣ ስማ። ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ይነሳሉ፤ በብሎን የታሰሩ ናቸው። የበሮቹ ታች በአራት ጣት ስፋት ይቆረጣል። የሾፌሩ ወለል ግማሹ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ጭምር፣ አንድ ጣት ወደ ጤናማው አልፈህ። ፍቄ ልቀባ ብትል ግን የኸርግላዋን ትደግማለህ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የቀረው አጥንቷ ነው። አጥንቷ የዚህ ዓይነት የሆነ መኪና አርባ ዓመት ስሠራ ከይቺ ጋር ሦስት አይቻለሁ፤ ሁለቱ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍነው የኖሩ ናቸው። ይቺ ወይራ ስትጭን ነው የኖረችው፤ ከባሕሩ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ።» ከዚያ ወደ መብሩካ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ባለቤትዎ ታክቶታል ያልኩትን አንስቻለሁ። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። በእኔ ሥራ ይሄ ነውር ነው።»

ጅላኒ አጥሩን ተደግፎ የጠመኔውን ምልክት ሲያይ ቆየና «እኔንም ይጠይቀኝ ነበር» አለ። «በያመቱ ይመጣል። ‹ጅላኒ፣ ቅባቱ ተርፎኛል፣ ያንተንም ላድርግልህ› ይለኛል። ሂድ ወዲያ፣ መኪናዬን አታሽትትብኝ እለዋለሁ።»

«ያንተ የት አለች?» አለ ላስዓድ።

«ወለሏ ወድቆ መንገዱ እየታየኝ ነበር የምነዳት። ከስምንት ዓመት በፊት ቆራጩ ወሰዳት።»

ላስዓድ ስልኩን አውጥቶ ከሪዳ ጋር ተነጋገረ። ነገ ጠዋት መጫኛ መኪና ይዞ እንደሚመጣ፣ የሐሙሱ ብረት ቆራጭም አትምጣ እንዲባል ተስማሙ። ሲጨርስ መብሩካ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እወስዳታለሁ ብዬ ነበር እኮ። ዝም ቢሉ ኖሮ አልቆልዎት ነበር። ለምን ነገሩን?»

«ታክቶታል አሉዋ» አለች መብሩካ።

ሽቲዊ ዕቃውን ወደ ሳጥኑ ሲመልስ እሷ ወደ ፔጆዋ ሄዳ ስፖንዳዋን ያዘች። ለአርባ ዓመት ያህል በዚህች መኪና ለሠርግ ሄዳለች፣ ለለቅሶ ሄዳለች፣ ሪዳን ልትወልድ ማህዲያ ሆስፒታል የደረሰችውም በእሷ ነው። ስሯን ግን አንድ ቀንም አላየችም። ሳዶቅ «ነይ እይ» ሲላት «ሥራ አለብኝ» ትለው ነበር።

«ሙዓለም» አለች። «እኔ መግባት እችላለሁ?»

ጅላኒ «የሪዳ እናት፣ በዚህ ጉልበትሽ?» ብሎ ጀመረ፤ ሽቲዊ ግን ሰሌኑን እንደገና አነጠፈው። የግንድ ጉማጆቹን አንድ በአንድ በእግሩ ገፍቶ መጽናታቸውን አረጋገጠ። ላስዓድ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ ከዚያ በጎኗ፣ ከዚያ በጀርባዋ ተኛች። መጎናጸፊያዋን ጠቅልላ ተሳበች። ከላይዋ ያለው ጥቁር ጣሪያ የዘይትና የበግ ሽታ ሸተታት። ሽቲዊ ከጎን ተጋድሞ መብራቱን ሰጣት።

«ይህን ያዩታል? የብሩሽ መስመር ነው። ሁሌ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚቀባው፤ አንድም ጊዜ በተቃራኒው አልሄደም።» ጣቱን ወደ ኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ በላይ ወዳለው ጠባብ ቦታ አመለከተ። «እዚያ ጋ ግን ብሩሽ አይደርስም። በእጁ ነው የቀባው።»

መብራቱን ወደዚያ ያዘች። በቅባቱ ላይ አራት ጣቶች ጎን ለጎን ተጎትተው ያለፉበት ቦይ ደርቆ ቀርቷል። ጥልቅ አይደለም፤ ጸጥ ያለ፣ ያልቸኮለ እጅ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ አራት አለ። ከዚያም ሌላ።

ከላይ የጅላኒ ድምፅ መጣ፦ «ምን ይታይሻል?»

«ቆይ» አለች መብሩካ፤ መብራቱንም ወደሚቀጥለው ብረት አዞረች።